አመድ የገባበት ግማሽ በርሜል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሞጣ ላይ ሰርተፊኬት ተሸለምኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬም ተመኘሁ።

ሁለቱም የሆነው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው!

ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። የዛሬው እንደወትሮው አይደለም።

ባለፈው ዓመት የለጠፍኩትን የሱሪዬን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። በደርግ ጊዜ የሽንት ቤት ዝቃጭ በመኪና ባትሪ ላደርቅ ብዬ አሲድ ሱሪዬን የበላብኝን። ስቃችሁ ኮሜንቱን አጥለቅልቃችሁት ነበር። ሼር ያደረጋችሁም አላችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ።

ያ ግማሹ ነው።

ሌላውን ግማሽ አርባ ዓመት ሙሉ እየዘለልኩ ነው የማወራው።

ለማታውቁኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ሳኒታሪያን ነኝ። ሳኒታሪያን ማለት ደመወዝ የሚከፈለው ጉድጓድ እንዲያይ ነው። የውሃ ጉድጓድ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ። ጅማ ተወልጄ ጅማ ተማርኩና በሃያ አራት ዓመቴ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ሰዉ «ሐኪም» ይለኝ ነበር። እኔም አንድም ቀን አላረምኩም።

ስብከቴ አንድ ነበር። አመድ!

ስብሰባ በተጠራበት ሁሉ እነሳና «ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ አመድ ጨምሩበት፣ አመድ ሽታ ይገድላል፣ ዝንብ ያባርራል» እላለሁ። በየገበሬ ማኅበሩ፣ በየቀበሌው። ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ «አመዱ መጣ» ይሉ ነበር።

ይህችን አመድ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

የጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ አያ ስንሻው ይባሉ ነበር። የሞጣ ሰው ናቸው። ሚስትና ልጆቻቸው ሞጣ፣ እሳቸው እንጀራ ፍለጋ ቢቸና። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ሲያናግሩኝ ግን አንቱ ነበር የሚሉኝ። ጠዋት ቤተክርስቲያን ሳይሳለሙ መጥረጊያ አይነኩም። የነገርኳቸውን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር አያስፈልገኝም። አመድ ጨምሩ ካልኩ አመድ ይጨመራል።

ጤና ጣቢያው ክዳን ያለው ሴፕቲክ ታንክ ነበረው። ክረምት ሲገባ ይሞላል። ፍሳሽ የሚመጥጥ መኪና ከደብረ ማርቆስ ይመጣል ይባላል። አይመጣም። ዝቃጩ ደግሞ እንደ ቀጠነ አጥሚት ስለሆነ በአካፋ አይዛቅም። ከላይ ያለው በባልዲ ይቀዳል፤ ከታች ያለው ግን ሰው ካልገባበት አይወጣም።

ሰው ማለት አያ ስንሻው ነው። ወገባቸውን በገመድ ታስረው ይወርዳሉ።

አንድ ሐምሌ ወርደው ድምፃቸው ጠፋ።

ገመዱን ስንጎትት ራሳቸውን ስተው ነበር። ታንክ ውስጥ የሚገድል ጋዝ እንዳለ የተማረ አንድ ሰው በግቢው ውስጥ ነበረ፤ እሱም ከላይ ቆሞ ገመድ የያዘው ነው። ሣሩ ላይ አጋድመናቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ባልዲው ወጣ?» የሚል ነበር።

ያን ቀን ቃል ገባሁላቸው። «አያ ስንሻው፣ ሁለተኛ እዚህ ውስጥ አይገቡም። እኔ መላ አመጣለሁ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። አመኑኝ።

መላው የተገኘው ከአሮጌ መጽሔት ነው። ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ አይጥ የጀመረችው የእንግሊዝኛ መጽሔት ነበር። ነገሩ እንዲህ ይላል። እርጥብ ዝቃጭ ውስጥ ሁለት ብረት ሰክታችሁ አንዱን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከኔጋቲቩ ጋር ታያይዛላችሁ። በመካከል ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ዝቃጩ አልለቅም ብሎ የያዘውን ውሃ ወደ ኔጋቲቩ ብረት ይነዳዋል። ያ ብረት የተበሳሳ ከሆነ ውሃው በቀዳዳው ይወጣል። የቀረው ጠጣር ጭቃ ስለሚሆን ከላይ ቆመው ቆርሰው ያወጡታል። ማንም አይወርድም።

እቃ አልነበረኝም፤ ግትርነት ነበረኝ። ከቆርቆሮ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱን በምስማር በሳሳሁና በፋሻ ጠቀለልኩት። ከተበላሸችው የጤና ጣቢያው መኪና ባትሪዋን አወጣሁ። ከታንኩ በባልዲ የቀዳነውን ሥሩ በተበሳ ማስታጠቢያ ውስጥ አፈሰስን፣ የተበሳሳውን ብረት በቀዳዳው በኩል ሰካሁ፣ ከሥሩ የቲማቲም ጣሳ አደረግን፣ ሽቦውን አያያዝኩ። ከዚያ እኔና አያ ስንሻው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን።

ቀትር ላይ ጠብ አለ።

ከዚያ ደግሞ ጠብ። የጠራ ውሃ! ጣሳው ሲጋመስ ፖዘቲቩ ብረት ዘንድ ያለው ዝቃጭ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። አያ ስንሻው ጎንበስ ብለው በእንጨት ነካ አደረጉት። ቆመ፤ አልፈሰሰም።

«እንግዲህ ይሄ ወይ ተአምር ነው ወይ ጥንቆላ ነው» አሉ። «የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝና ወይ ልሳለም ወይ ልሽሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በሠርጌ ቀን እንኳ። (ባለቤቴ ፌስቡክ የላትም፤ እንዳትነግሯት።)

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ፖስት አይኖርም ነበር።

ግን ውይይት ክበብ የሚባል ነገር ነበር። በየሳምንቱ ተሰብስበን ስለ ምርት ኃይሎች እናወራለን፤ ማለትም አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያንቀላፋል። እኔ ተነሥቼ ስለ ማስታጠቢያዬ ተናገርኩ። የፖለቲካ ኃላፊው ቀና አለ። ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከኔ አይበልጥም፤ ግን ሲያይህ የሠራኸውን ኃጢአት ማስታወስ ትጀምራለህ።

«በበርሜል ይሠራል?» አለኝ።

«በደንብ!» አልኩ።

በበርሜል ሞክሬ አላውቅም።

በወሩ ደብዳቤ መጣ። ሞጣ ላይ በዓል አለ፣ ከላይ የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ሠርቶ ማሳያው እዚያ ይቀርባል። ከሠራ ደግሞ ለቢቸናም ለሞጣም አውራጃ ጤና ጣቢያዎች ባትሪና ብረት ይታዘዛል። አያ ስንሻውን ጠርቼ ነገርኳቸው። እንደሳቸው በገመድ የሚወርዱ ሁሉ ከጉድጓድ ሊወጡ ነው ማለት ነበር። እሳቸውም «እኔም ልምጣ?» አሉ። «የመጨረሻ ልጄን እግር ስታወጣ አላየኋትም። አትጠገብ ትባላለች።»

በእህል መኪና ተጭነን ሄድን። ባትሪዋን እንዳትወድቅ ጭኔ ላይ አቅፌ ያዝኳት። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞጣ ስንደርስ አንድ ያለኝ ደህና ሱሪ ከጉልበት በላይ ወንፊት ሆኖ ነበር። የሳቃችሁበት ይሄ ነው።

እስካሁን ሳቁ። ከዚህ በኋላ ግን አብራችሁኝ ሁኑ።

በበዓሉ ቀን ጠዋት፣ እዚያው ሞጣ ከነበረ ታንክ ዝቃጭ ቀድተን ግማሽ በርሜል ሞላን። ክዳኑ ሲነሣ ሽታው እስከ ገበያው ደረሰ። እኔ ሱሪዬን ላስጥፍ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ፤ አያ ስንሻው በርሜሉን ሊጠብቁ ቀሩ።

ስመለስ ሽታው ቀንሷል። ደስ አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

እንግዶቹ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ። እኔ ስለ ሳይንስና ስለ ሰፊው ሕዝብ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ። ሽቦውን አያያዝኩ። በርሜሉ ተንፈቀፈቀ። ሰዉ አጨበጨበ።

ጠብ አላለም።

ጠበቅን። ባትሪዋ ጋለች። የሽቦው ልባስ መቅለጥ ጀመረና ጭስ ወጣ። ጣሳው ደረቅ ነው። ዋናው እንግዳ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ የፖለቲካ ኃላፊውን አየ። የፖለቲካ ኃላፊው እኔን አየኝ።

ጎንበስ ብዬ በርሜሉን ሳየው ጠርዙ ላይ ግራጫ ነገር ተጋግሯል።

አመድ።

ኤሌክትሪክ ለማታውቁ ላስረዳ። አመድ ጨው አለው። ጨው ሲበዛ ኤሌክትሪኩ በጨዉ በኩል ሾልኮ ያልፋል፤ ባትሪ ያቃጥላል እንጂ ውሃ አይነዳም። ቢቸና የሞከርነው ክዳን ካለው ታንክ ስለወጣ አመድ አልነበረበትም። ይሄኛውን ግን ሰው በደንብ አድርጎ፣ እስከ ሥሩ አማስሎታል። ቀና ስል አያ ስንሻውን አየሁ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ነጭ ነው።

«ምን ሆነ?» አለ የፖለቲካ ኃላፊው።

«አመድ ገብቶበታል» አልኩ።

«ማን ነው የጨመረው?»

መልስ እስክሰጥ አልጠበቁም። «እኔ ነኝ ጌታው» አሉ አያ ስንሻው፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ሐኪሙ በእንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ብዬ። ሽታ ይገድላል፤ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ይጠይቋቸው።»

ጠየቀኝ።

ወገኖቼ፣ መልሱ አንድ ቃል ነበር። «አዎ።» ሁለት ፊደል! አርባ ዓመት ለራሴ ስለማመደው ኖሬያለሁ፤ ሻወር ውስጥ ሳይቀር።

ያልኩት ግን ይሄን ነው። «ለሽንት ቤት ጉድጓድ ብያለሁ እንጂ እዚህ ጨምሩ ብዬ አላስተማርኩም።»

ቃሉ አንድ በአንድ ሲታይ እውነት ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የከፋው።

ከእንግዶቹ አንዱ «አሻጥር» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። በዚያ ዘመን ያ ቃል ቀስ ተብሎ ከተነገረ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሁለት ታጣቂዎች መጥተው አያ ስንሻውን በክንዳቸው ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። አመዱ በታጣቂዎቹ ልብስ ላይ ቀረ።

አሁን እየዘለልኩት ወደኖርኩት ደረስን።

ባትሪዋንም አንሥተው ጫኗት፤ ማስረጃ ናት ብለው። ባትሪዋ የጤና ጣቢያው ናት፤ ይዣት ካልተመለስኩ ቀጣዩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ወደ ፖለቲካ ኃላፊው ሮጥኩ። እጄን አጣምሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እያለቀስኩ ለመንኩት። በእናትህ፣ በልጆችህ፣ በአብዮቱ አልኩት። ልጆች አልነበሩትም፤ አፌ ያመጣልኝን ነው የተናገርኩት።

ለባትሪዋ ነው የለመንኩት።

ለባትሪዋ ብቻ።

ሰጡኝ። አቅፌያት ቢቸና ገባሁ። በጥቂት ወር ዝውውር ጠይቄ ከጎጃም ወጣሁ። ስለ አያ ስንሻው ማንንም አልጠየቅኩም። ጡረታ ወጥቼ ከነባለቤቴ ወደ ሀገሯ ወደ ቢቸና ስመለስም አልጠየቅኩም። ሞጣ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሚኒባስ ሞልቷል።

ይልቅ ታሪኩን ቀልድ አደረግኩት። ሱሪው፣ ጭሱ፣ መሐረቡ። አመዱን የጨመረው «አንድ ሰውዬ» ሆነ። ስም አልነበረውም።

ወደ ዛሬ ልምጣ።

ሞጣ ላይ የቀድሞ የጤና ሠራተኞችን ለማመስገን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሰርተፊኬት ሰጡኝና «ትዝታዎን ያካፍሉን» አሉኝ። ማይክ ሲሰጠኝ የማልሆነው የለም። የሱሪውን ታሪክ ተረክኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «አንድ ሰውዬ አመድ ሞጅሮበት» ስል ደግሞ ከፊት የተቀመጡት እንባቸውን ጠረጉ።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ አርባዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ማይኩን ተቀብላ ተነሣች።

«ሰውየው አባቴ ናቸው» አለች። «አትጠገብ ስንሻው እባላለሁ።»

ክው አልኩ።  እጄ ላይ ያለውን ሰርተፊኬት አጥፌ ኪሴ ልክተት ብል እምቢ አለኝ፤ ላሚኔት ነዋ!

ይኼኔ በልቤ፣ በቃ፣ መጣ አልኩ። ይገባኛል። ታዋርደኝ።

«ልወቅስዎ አይደለም» አለች። «ላመሰግንዎ ነው። አባቴ ዓመት ከመንፈቅ ታስረው ወጡ። እስር ቤት ሳሉ የጉድጓድ ሥራ ነበር የተሰጣቸው። ሲወጡ ደረታቸው ደህና አልነበረም፤ ቢሆንም ኖሩ፤ አሳድገውናል። ስምዎን ሳያነሡ አይውሉም ነበር። መኪናው ላይ ሆነው አይተዎታል። እጅዎን አጣምረው፣ እያለቀሱ ሲለምኑላቸው። ‹መጀመሪያ ፈርቶ ካደኝ፤ ጴጥሮስም ክዷል። ኋላ ግን ተመልሶ ለመነልኝ› ይሉን ነበር። ‹አልሰሙትም እንጂ ለመነልኝ።›»

ሰዉ አጨበጨበልኝ።

ወገኖቼ፣ አጨበጨቡልኝ! አንዳንዱ ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው።

ጉድጓድ ውስጥ ሁለተኛ አይወርዱም ብዬ ቃል የገባሁላቸው ሰው ዓመት ከመንፈቅ ሲወርዱ ኖሩ። የሚያጽናናቸው ደግሞ እኔ ለባትሪ የለመንኩት ልመና ነበር።

ከስብሰባው በኋላ መጥታ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። ከለከልኳት። ትሕትና መስሏታል። «እሁድ የአባቴ ሙት ዓመት ነው» አለችኝ። «እርስዎ ተገኝተው ለዘመድ ለጎረቤቱ ስለሳቸው ሁለት ቃል ቢናገሩልን።»

እዚያው ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እሺ» አልኩ።

ይሄም ሁለት ፊደል ነው። የምፈልገው ሁለት ፊደል ግን አሁንም አልወጣልኝም።

ቢቸና እስክገባ ሚኒባሱ ውስጥ ሰርተፊኬቱን ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር። ስልኬን ስከፍት ከአትጠገብ የጓደኝነት ጥያቄ መጥቶልኛል። ከተቀበልኩ ያለፈውን ዓመት ፖስት ታየዋለች፤ ከሥሩ ያለውን ሳቅ ሁሉ። እንዳታየው ላጠፋው ጣቴን ላዩ ላይ አደረግኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው እውነት ግን አርባ ዓመት አድሮም «ይጥፋ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ቁልፍ ላይ ደርሶ ነበር።

አላጠፋሁትም። ጥያቄዋን ተቀበልኩና ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ለሷ ኢንቦክስ ላይ ጻፍኩላት። ባትሪዋን ጭምር። አዎ፣ ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። በሰባ ዓመቴ አካባቢ ያለሁ ሰው ነኝ፤ አሁንም የምደፍረው በጣቴ ነው።

አየችው።  መጻፍ ትጀምራለች፣ ታቆማለች። ትጀምራለች፣ ታቆማለች። እኔ በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ።

ከዚያ መልሷ መጣ። ሙሉውን ልጻፍላችሁ፤ አስፈቅጃታለሁ።

«እሁድ ይምጡ። ይህንኑ እንዳለ ለሰዉ ይንገሩ። ቀልዱን ይተዉት።»

ሌላ ምንም የለም።

ስለዚህ ዛሬ ኮሜንት ላይ አይዞህ እንድትሉኝ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ መረጃ ነው። ሰበብ እንዳላገኝ፣ እሁድ ጠዋት ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?